ፍራሽ መግዛት አልጋ በአልጋ መስሎኝ ነበር፤ ሻጩ ሊያድበሰብሰው የማይችል ጥያቄ ንገሩኝ

ነቅቶ_አዳሪ

ሰላም ለሁላችሁ። መጀመሪያ ምሬቴን ላውጣ፣ ከዚያ ጥያቄዬን እጠይቃለሁ። ታገሡኝ።

ፍራሻችን መሃሉ ከሰረጎደ ቆይቷል። ማታ እኔና ባለቤቴ ዳር ዳሩን ይዘን እንተኛለን፣ ጠዋት መሃል ላይ ተገናኝተን እንነቃለን። ፍቅር አይደለም፣ ቁልቁለት ነው። አዲስ እንግዛ አልን። ፍራሽ ምን አለው፣ ገብቶ፣ ጋደም ብሎ፣ ከፍሎ መውጣት ነው ብዬ ነበር።

ስንት ሱቅ እንደዞርን አትጠይቁኝ። አንዱ ጋ «መካከለኛ» የተባለው ሌላው ጋ «ጠንካራ» ከተባለው ይደርቃል። «ኦርቶፔዲክ» ያልተባለ ፍራሽ ደግሞ የለም። ስፖንጁም ኦርቶፔዲክ ነው፣ ስፕሪንጉም ኦርቶፔዲክ ነው፣ ጥግ ላይ የተከመረው ትራስም ኦርቶፔዲክ ነው። ዋጋ ላወዳድር ስል ያው የሚመስለኝ ፍራሽ እዚህ በአንድ ስም፣ እዚያ በሌላ ስም ተሰቅሎ አገኘዋለሁ፤ የሚለያየው የላይኛው ጨርቅ ጥልፍ ብቻ ነው። ውስጡ ምንድን ነው ስል «ልዩ ፎም ነው» ይሉኛል። ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው ስል «በጣም ምቹ ነው»።

መሞከሩስ ቢሆን? ጫማዬን እንዳደረግሁ፣ ጃኬቴን እንደለበስኩ፣ ሻጩ ራስጌዬ ቆሞ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ሌላ ገዢ እግርጌዬ ተራ እየጠበቀ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያ አያለሁ። እኔ እኮ በጀርባዬ ተኝቼ አላውቅም! በጎኔ ዞር ልበል ስል ደግሞ ሰው ፊት አፈርኩ።

እኔ ከበድ ያልኩ ሰው ነኝ፣ የምተኛው በጎኔ ነው። ባለቤቴ ቀለል ያለች ናት፣ በጀርባዋ ነው የምትተኛው፣ ጠዋት ጠዋት ወገቧን ይይዛታል። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ሻጩ ሊያድበሰብሰው የማይችል ጥያቄ የትኛው ነው?

ጨረቃ_ጠባቂ

«ሰው ፊት አፈርኩ» ያልከው ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እኔም ያው ነኝ።

እኔን ያስተናገደኝ ሻጭ ደግሞ በቡጢ ይደበድበዋል። ፍራሹን ማለቴ ነው። «እይው እህቴ፣ ወዲያው ነው የሚመለሰው!» እያለ። እኔ ፍራሽ ላይ ልተኛ እንጂ ልቦክስ አልመጣሁ።

መልስ የለኝም፣ ክሩን ልከታተል ነው።

ስፖንጅ_ፋብሪካ_የነበርኩ

የምትፈልገው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ይመዝናል?» የሚለው ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ስፖንጅ ሲመረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይለካሉ። አንዱ እፍግታው ነው፣ በየሱቁ ዴንሲቲ የሚሉት፤ አንድ ሜትር ኩብ የሚሆን ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ሁለተኛው ጥንካሬው ነው፤ ክብ ሰሌዳ ተጭኖበት የውፍረቱን ሩብ ያህል ዝቅ እንዲል ስንት ኃይል ይጠይቃል የሚለው። ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፣ ሻጭም ሲምታቱለት አይከፋውም። ጥንካሬው ዛሬ ማታ እንዴት እንደምትተኛ ይነግርሃል። ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደምትተኛ የሚነግርህ ግን እፍግታው ነው። ለስላሳ ሆኖ እፍግታው ከፍ ያለ ስፖንጅ አለ። ደረቅ ሆኖ እፍግታው ዝቅ ያለም አለ። ይሄ ሁለተኛው ነው ሱቅ ውስጥ «ጠንካራ ነው፣ አይሰረጉድም» ተብሎ የሚሸጠውና ከሁሉ ቀድሞ የሚሰረጉደው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ሙሉ በሙሉ ስፖንጅ የሆነ ፍራሽ ርዝመቱ 190፣ ወርዱ 150፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲሜትር ነው እንበል። 1.9 ሲባዛ በ1.5 ሲባዛ በ0.2፣ 0.57 ሜትር ኩብ ይሆናል። እፍግታው 30 ከሆነ 17 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 18 ከሆነ ግን 10 ኪሎ ብቻ ነው። በዓይን ሁለቱን አትለያቸውም፣ በእጅህ ስታነሳቸው ግን ልዩነቱ ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ስለዚህ ሻጩ «ባለ 30 ነው» ካለህ አንዱን ጫፍ ይዘህ አንሳው፤ ከተቻለ ሙሉውን አስመዝነው። የጨርቁ ክብደት ትንሽ ይጨምራል፣ እሱን ቀንስለት። በእኔ አመለካከት አዋቂ ሰው ዘወትር ለሚተኛበት ተራ ስፖንጅ ከ28 በታች አይገዛም፤ አንተ ከበድ ያልክ ስለሆንክ ደግሞ ወደ 35 ጠጋ በል። ሜሞሪ ፎም፣ ያ ሰውነትህን ተከትሎ ቅርጽ የሚይዘው ስፖንጅ፣ ሌላ ዝርያ ነው፤ የእሱ እፍግታ ከ50 በታች ከሆነ አነሰ ማለት ነው።

ሁለት ማጭበርበሪያ አለ፣ ሠርቼ ስላየሁት አውቀዋለሁ። አንደኛው ሙሊት ነው። ስፖንጁ ሲቀላቀል ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የጠመኔ ዱቄት ይጨመርበታል። ሚዛን ላይ ጥሩ ይመስላል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል፤ ጣትህን ስታሽበት የመፈርፈር ጠባይ አለው። ሁለተኛው ቁርጥራጭ ስፖንጅ ተፈጭቶ በማጣበቂያ የታመቀው ነው፣ ያ ቀለሙ ዝንጉርጉር የሆነው። እሱ በጣም ከባድና በጣም ደረቅ ነው። ታችኛው ድርብ ላይ ቢሆን አልቃወምም፣ ሙሉ ፍራሹ እሱ ብቻ ሆኖ «ኦርቶፔዲክ» ሲባል ግን ያናድደኛል።

ዚፕ ያለው ከሆነ ተከፍቶ እንድታይ ጠይቅ። እምቢ ካሉ ቢያንስ የድርብርቦቹን ዝርዝር በጽሑፍ ይስጡህ፤ የትኛው ድርብ ስንት ሳንቲሜትር፣ እፍግታው ስንት። ብዙ ጊዜ «ባለ 25 ሳንቲሜትር ሜሞሪ ፎም» ተብሎ የሚሸጠው ላዩ 3 ሳንቲሜትር ሜሞሪ ፎም፣ ሌላው ሁሉ ተራ ስፖንጅ ነው። ይሄ ራሱ ወንጀል አይደለም፣ ሁሉም ፍራሽ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ዋጋው ግን ለ3 ሳንቲሜትሩ ብቻ መሆን ነበረበት።

ጨረቃ_ጠባቂ

የኪሎው ነገር ለስፕሪንግም ይሠራል?

ስፖንጅ_ፋብሪካ_የነበርኩ

አይሠራም፤ ብረቱ ሚዛኑን ያዛባዋል። ስፕሪንግ ላይ የምትጠይቂው ሞላዎቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው ወይስ እያንዳንዳቸው በየከረጢታቸው ናቸው የሚለውን ነው። ከዚያ የሽቦውን ውፍረት። በጌጅ ከነገሩሽ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል፣ እንዳትታለይ። «ሁለት ሺህ ሞላ አለው» ሲሉሽ ደግሞ አትደንግጪ፤ ትንንሽ ሞላ ደራርቦ ቁጥር ማብዛት ቀላል ነው። እና ስፕሪንግ ብለሽ ገዝተሽም የምትተኚው ከላዩ ባለው ስፖንጅ ላይ ነው። ቀድሞ የሚረግበውም እሱ ነው፤ ሞላው ደህና ሆኖ ስፖንጁ ሞቶ የሚጣል ፍራሽ ስንት አይቻለሁ።

ጣውላ_ይሻላል

ልጆች፣ ይሄ ሁሉ ሂሳብ ምን አመጣው? እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ስስ ፍራሽ አንጥፌ ነው የምተኛው፣ ወገቤን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ወገብ የሚፈልገው ድርቅ ያለ ነገር ነው። ድሮ ሐኪሞች ራሳቸው «ከፍራሹ ሥር ጣውላ አስገቡ» ነበር የሚሉት። አሁን ሁሉም ሰው ደመና ላይ ልተኛ ይላል፣ ከዚያ ወገቤን ይላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ

አባቴ፣ እርስዎን ከተመቸዎት ማንም አይንካብዎት። ሐኪሞች እንደዚያ ይመክሩ እንደነበረም እውነት ነው። ነገር ግን ይሄ ምክር ተፈትኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ፤ ስፔን ውስጥ ነው የተካሄደው። ሥር የሰደደ የታችኛው ወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ጠንካራ፣ ግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደወሰደ አልተነገራቸውም። ከ90 ቀን በኋላ መካከለኛው የደረሳቸው ሰዎች ተኝተው ሳሉም ሆነ ሲነሱ የሚሰማቸው ሕመም ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ፤ የቀን ሥራቸውንም በተሻለ ሁኔታ ይሠሩ ነበር።

ምክንያቱ ለማንም የሚታይ ነው። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ከወገቡ ወጣ ያሉ ናቸው። ፍራሹ እነሱን የሚያሰምጥበት ቦታ ካልሰጣቸው ወገቡ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ትከሻው ይጨፈለቃል፣ ክንዱ ይደነዝዛል። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ዳሌው ጠልቆ ይገባና አከርካሪው ይጎብጣል። በሆዳቸው የሚተኙ ሰዎች ጠንከር ያለው ይሻላቸዋል፤ ሆድ ወደ ታች ሲሰምጥ ወገብ ወደ ውስጥ ይታጠፋልና።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ያ ጥናት ምክንያቱ በውል ያልታወቀ የወገብ ሕመም ስላለባቸው ሰዎች ነው። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ፣ ወይም እግር የሚያዝል ከሆነ የፍራሽ ሱቅ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። ባለቤትህ ጠዋት ብቻ ይዟት ተንቀሳቀስ ስትል የሚለቃት ከሆነ ፍራሹን መጠርጠር ተገቢ ነው። ከቤት ውጭ ሌላ አልጋ ላይ አድራ ስትነሳ ይሻላት እንደሆነ ጠይቃት፤ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ጣውላ_ይሻላል

ተባረኪ ልጄ፣ በደንብ አስረዳሽ። ጥናቱ ግን የኔን ወገብ አልጠየቀውም።

ነቅቶ_አዳሪ

ክሩ እንዲህ ይሞቃል ብዬ አልጠበቅሁም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኪሎውን ጥያቄ ይዤ ወጥቼ ነበር። «ይሄ ፍራሽ ስንት ኪሎ ነው?» ስለው ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «የሚችለውን ክብደት ነው?» አለኝ። አይ፣ የራሱን። «ማንም ጠይቆን አያውቅም።» ሌላው ግን፣ ይሄን መናገር አለብኝ፣ ሚዛን ባይኖረውም ከመጋዘን የምርቱን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ፤ የየድርቡ ውፍረትና እፍግታ ተጽፎበታል። እንዲህ ዓይነት ወረቀት መኖሩን እስከዛሬ አላውቅም ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ያልሽው ልክ ነው፤ ዘመድ ቤት ስናድር ወገቧ ምንም አይላትም። እኔ ደግሞ ዘመድ ቤት ቀኝ ክንዴ ይደነዝዛል። ስለዚህ አንድ ፍራሽ ለሁለታችን እንዴት ነው የሚሆነው?

ሁለት_ለአንድ

እኛ ጋ ጭቅጭቁ ያበቃው ሁለት ነጠላ ፍራሾች ገዝተን አንድ ሰፊ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ስናደርጋቸው ነው። የእሱ ጠንካራ፣ የእኔ ለስለስ ያለ፣ ቁመታቸው እኩል። ከላይ አንድ ሰፊ አንሶላ ይነጠፋል። መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለ፣ አልዋሽም፤ ስስ የላይ ምንጣፍ ሲደረግበት ብዙም አይሰማም። እሱ ሲገላበጥ እኔ አልናወጥም፣ ይሄ ብቻውን ለእኔ በቂ ነበር።

ይሄ ካልተዋጠላችሁ በየከረጢቱ የሆነውን ስፕሪንግ ወይም ወፈር ያለ ስፖንጅ ፈልጉ፤ እንቅስቃሴ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እምብዛም አያሻግሩም። ያ እርስ በርስ የተያያዘው ሞላ ግን አንዱ ዞር ሲል ሌላውን ይቀሰቅሳል። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን ደግሞ ሁለታችሁም አብራችሁ ተኙና አንዳችሁ ተነሱ። ብቻውን የሞከረ ሰው ይሄን ከየት ያውቃል?

ሙቀት_አልችልም

ማንም ስለ ሙቀት አላነሳም? ሜሞሪ ፎም ገዝቼ ሌሊቱን ሙሉ ላብ በላብ ሆኜ አድራለሁ። ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልነበረም። «የናሳ ቴክኖሎጂ» ነው ብለውኝ ነበር እኮ፤ ጠፈርተኞቹ እንዴት ቻሉት?

ስፖንጅ_ፋብሪካ_የነበርኩ

ጠፈርተኛ አልተኛበትም። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ዮስት የተባለ መሐንዲስ ለናሳ የሠራው የአውሮፕላን መቀመጫ ስፖንጅ ነው፤ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪን እንዲከላከል፣ በረጅም በረራም እንዲመች ተብሎ። ወደ ፍራሽ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ «የናሳ» የሚለው ውሸት አይደለም፣ ግን ስለ እንቅልፍህ ምንም አይነግርህም።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ሜሞሪ ፎም ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሲበርደው ይደርቃል። ጠባዩ ነው፤ ሰውነትህን ተከትሎ ቅርጽ የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውነት ጠልቆ ሲገባበት ደግሞ ዙሪያህን ይከብሃል፣ አየር አይዘዋወርም። ሱቅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ስትጋደም ገና አልሞቀም። እና ቀዝቃዛ ሱቅ ውስጥ «ጠንካራ ነው» ብለህ የገዛኸው ሞቃት መኝታ ቤት ውስጥ ሌላ ፍራሽ ሆኖ ታገኘዋለህ። «ቀዝቃዛ ጄል አለው» ቢሉህ መጀመሪያ ስትነካው ይቀዘቅዛል፣ ጄሉ ሙቀትህን ጠጥቶ ሲጠግብ ግን ያው ነው። ሙቀት የማትችል ከሆንክ ከላይ ስስ ስፖንጅ ያለው ስፕሪንግ ወይም ላቴክስ፣ ከጎማ የሚሠራው ስፖንጅ፣ ይሻልሃል። ላቴክስ ውድ ነው፣ ለማንሳትም ጉልበት ይፈልጋል፣ ግን በቀላሉ የሚሞት ነገር አይደለም።

ሳጥን_ፈታሁ

ሱቅ መዞር የሰለቸው ሰው እንደኔ ኢንተርኔት ላይ ያዛል። ተጨፍልቆ፣ ተጠቅልሎ፣ በሳጥን ይመጣል። ለቅደም ተከተሉ ያህል ልንገራችሁ፦ ላስቲኩን ስትቀዱት ትንፋሹን ይስባል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ጠረኑ ቤቱን ይሞላዋል። ሙሉ ቅርጹን እስኪይዝ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ መስኮት ከፍቶ ማስተንፈስ ነው። አዲስ ስፖንጅ ሁሉ ጠረን አለው፣ አብዛኛው በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ሳምንታት አልፎ ራስ ምታት የሚያመጣ ከሆነ ግን መመለስ ነው።

መመለስ ስል ሳቄ መጣ። «100 ሌሊት ሞክረው፣ ካልተመቸህ መልስ» ይላል ማስታወቂያው። ከሥር በትንንሽ ፊደል ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ተኝተህበት መሆን አለበት፣ እድፍ እንዳይኖርበት፣ የማጓጓዣውን ራስህ ትችላለህ ይላል። ያንን ያበጠ ነገር ወደ ሳጥኑ የሚመልሰው ሰው ካለ ላየው እፈልጋለሁ!

ስለ «10 ምርጥ ፍራሾች» ጽሑፎችም ላንሳ። ብዙዎቹ ገጾች ሊንካቸውን ተጭኖ ሰው ሲገዛ ኮሚሽን ያገኛሉ። አንዳንዶቹ ይሄን ከላይ ይጽፉታል፣ አንዳንዶቹ ከሥር ይደብቁታል። ሁሉም ፍራሽ ከ10 ዘጠኝ ሲያገኝ መጠርጠር ነበር። ይልቅ አንድ ኮከብ የሰጡትን ሰዎች አንብቡ፣ በተለይ ከዓመት በኋላ ተመልሰው የጻፉትን።

አንድ የምር ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አንዳንድ ርካሽ ፍራሾች እሳት እንዳይዛቸው ከጨርቁ ሥር የመስታወት ቃጫ፣ ፋይበር ግላስ የሚሉት ነገር ይደረግባቸዋል። ዚፕ ቢኖረውም መለያው ላይ «አትክፈት» የሚል ካለ አትክፈቱት። ብናኙ አንዴ ከወጣ ቤት ሙሉ ይበተናል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ለማጽዳትም መከራ ነው። ስፖንጅ_ፋብሪካ_የነበርኩ «ዚፑን አስከፍተህ እይ» ያልከው ላይ ይሄ ይጨመር።

ስፖንጅ_ፋብሪካ_የነበርኩ

ትክክል፣ ይጨመር። መጀመሪያ መለያው ይነበብ፣ ከዚያ ሻጩ ራሱ ይክፈተው።

አወያይ

አንድ አስተያየት አንስቻለሁ። «ወገብ የሚፈውስ ፍራሽ አለኝ፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ» ይላል። ማስታወቂያ እዚህ አይለጠፍም። ቀጥሉ።

ደረሰኝ_ያዥ

የዋስትናውን ነገር ማንም አልነካውም፤ ሥራዬ ውል ማንበብ ስለሆነ ልሞክር። «የ10 ዓመት ዋስትና» ሲባል ብዙ ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሦስት አንቀጽ ፈልጉ።

የመጀመሪያው መሰርጎድን የሚመለከተው ነው። ብዙ ዋስትናዎች ጉድጓዱ ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲሜትር ባለው ክልል ውስጥ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ አይቀበሉም፤ የሚለካውም ሰው ሳይተኛበት ነው። ባዶ ሲሆን 2 ሳንቲሜትር ብቻ የሚሰረጉድ ፍራሽ ሰው ሲተኛበት ምን እንደሚሆን ነቅቶ_አዳሪን ጠይቁት። ለመለካት ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥራችሁ ከክሩ እስከ ፍራሹ በማስመሪያ ለኩ፣ ፎቶ አንሱት።

ሁለተኛው እድፍ ነው። አንድ የሻይ ጠብታ ዋስትናውን ሊያፈርስ ይችላል። ምክንያቱ ንጽሕና ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ቀላል ማምለጫ ስለሆነ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ቀን ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን አልብሱት።

ሦስተኛው አልጋው ነው። ፍራሹ በምን ዓይነት አልጋ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ይጻፋል፤ ያን ካላሟላችሁ ወዮላችሁ።

እና «ኦርቶፔዲክ» የሚለው ቃል ዋስትናው ውስጥ የትም አይገኝም። ፈልጉት።

አናጢው

አልጋው ስለተነሳ የኔ ተራ ነው። ነቅቶ_አዳሪ፣ አዲስ ከመግዛትህ በፊት አሮጌውን ፍራሽ አውርደህ ወለል ላይ አንጥፈው፣ ተኛበት። ጉድጓዱ ወለል ላይም ካለ ጥፋቱ የፍራሹ ነው። ወለል ላይ ከጠፋ ግን አልጋህ ነው የጎበጠው፣ አዲስ ፍራሽ ብትጨምርበት እሱንም ያበላሸዋል።

ርብራቡን እይ። ብዙ አምራቾች በርብራብ መካከል ያለው ክፍተት ከ7 ወይም ከ8 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ ይፈልጋሉ። ደንበኛ ቤት ሄጄ የማየው ግን እጅ ሙሉ የሚያሳልፍ ክፍተት ነው፤ ስፖንጁ በየመሃሉ እየሰመጠ ያልቃል። ሰፊ አልጋ ከሆነ ደግሞ መሃሉን የሚሸከም ወራጅና ወለል የሚነካ አምስተኛ እግር ያስፈልገዋል። የሁለት ሰው ክብደት የሚያርፈው መሃል አካባቢ ነውና መጀመሪያ የሚጎብጠውም እዚያ ነው። ይሄ የእንጨት ሥራ እንጂ የፍራሽ ጉዳይ አይደለም፣ ወጪውም ከፍራሽ ጋር አይወዳደርም።

ለእናቴ_ብዬ

እኔ የምፈልገው ለእናቴ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሁሉም ሻጭ ወፍራሙን ያሳየኛል፣ ወፍራም ሲሆን ክብር ይመስላቸዋል። እናቴ ተቀምጠው እግራቸው ወለል አልነካም። ምን ላድርግ?

ፊዚዮቴራፒስቷ

ለእናትሽ መጀመሪያ የሚለካው ከወለል እስከ ፍራሹ አናት ያለው ጠቅላላ ቁመት ነው፣ ምቾቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዳር ላይ ሲቀመጡ ሁለቱም እግራቸው ሙሉ በሙሉ ወለል ይርገጥ፣ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። በጣም ዝቅ ያለ አልጋ ደግሞ ለመነሳት ጉልበት ይበላል። ዳሩ ጠንካራ መሆኑንም ፈትኚ፤ ዳር ላይ ሲቀመጡ ወደ ታች የሚያንሸራትት ፍራሽ ለአረጋዊ ሰው አደጋ ነው። በጣም የሚያሰምጥ ሜሞሪ ፎምም ለመገላበጥ ያስቸግራቸዋል። የሚቻል ከሆነ ይዘሻቸው ሂጂ፣ አንቺ ስለ እሳቸው መተኛት አትችይም።

ነቅቶ_አዳሪ

አናጢው፣ እግዜር ይስጥህ። ፍራሹን ወለል ላይ አወረድነው። ጉድጓዱ አልጠፋም፣ ግን በግማሽ ያህል ቀነሰ። ርብራቡን ሳየው ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፣ የመሃል እግሩ ደግሞ ወለሉን አይነካም፣ አየር ላይ ነው ያለው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ፍራሹን ብቻ ስረግም ነበር። አልጋው እየተሠራ ነው።

ፍራሹን በተመለከተ ወረቀት ወዳሳየኝ ሰውዬ ተመልሰን ሄድን። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ከኔ ደፋር ሆነች፤ ጫማዋን አወለቀች፣ ከቤት ያመጣነውን ትራሳችንን አስቀመጠች፣ «እባክህ ሩብ ሰዓት ብቻችንን ተወን» አለችው። ሰውዬው ወንበር ስቦ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ማፈሬን ትቼ በጎኔ ተኛሁ። ለካ አንድ ፍራሽ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚያስደስተው ነገር በኋላ የሚያናድደው ራሱ ነው፤ ያ «ዋው» ያልኩበት ለስላሳው ትከሻዬን ውጦ አላዞር አለኝ።

አሁን የቀረን ሁለት ነው። አንዱ በየከረጢቱ የሆነ ስፕሪንግ፣ ላዩ 5 ሳንቲሜትር ስፖንጅ፣ እፍግታው 40። ሌላው ሙሉ ስፖንጅ፣ 32 እፍግታ፣ መካከለኛ ጥንካሬ። ባለቤቴ ሁለተኛው ይሻላታል፣ እኔ የመጀመሪያው። የሁለት ነጠላውን ሐሳብ ሳነሳላት «ስንጥቁ ላይ ማን ይተኛል?» አለችኝ።

ሁለት_ለአንድ

ስንጥቁ ላይ ትንሹ ልጃችሁ ነው የሚተኛው፣ አትጨነቁ፣ ቦታውን ራሱ ያገኘዋል።

ስፖንጅ_ፋብሪካ_የነበርኩ

ሁለቱም ደህና ናቸው። በአንተ ክብደት እኔ ብሆን ስፕሪንጉን እወስዳለሁ። ለባለቤትህ ከበዛባት በእሷ በኩል ብቻ ስስ የላይ ምንጣፍ ይደረግላታል፤ ደረቅን ማለስለስ ይቻላል፣ ለስላሳን ማድረቅ ግን አይቻልም። ከመክፈልህ በፊት የሚያደርሱልህ ዕቃ ወረቀቱ ላይ ያለው መሆኑን ደረሰኙ ላይ የሞዴሉን ስም ከነዝርዝሩ አስጽፍ። ማሳያው አንድ፣ የሚመጣው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ፊዚዮቴራፒስቷ

አዲሱ ሲመጣ ትራሳችሁን እንደገና አስተያዩት። ፍራሹ ትከሻህን ዝቅ ካደረገ በድሮው ትራስ አንገትህ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ስስ ትራስ ይበቃሃል። ፍራሹ ከደረቀ ተቃራኒው ነው። ብዙ ሰው አንገቱን ሲያመው ፍራሹን ይረግማል።

ጨረቃ_ጠባቂ

ትንሹ ልጅ ስለተነሳ፣ ለሚወለድ ሕፃንስ? እህቴ ልትወልድ ነው፤ ለስላሳ፣ ጥሩ ሜሞሪ ፎም ልገዛላት ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ

እሱን ተዪው። ለሕፃን ሕጉ ሌላ ነው፤ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ብቻ፣ በጀርባው። ፊቱ የሚሰምጥበት ለስላሳ ነገር ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል። ፍራሹ ከሕፃን አልጋው ጠርዝ ጋር ልክ የገጠመ ይሁን፣ በጎን ክፍተት አይኑር። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት፣ አንዱም አልጋው ውስጥ አይግባ። የተወጠረ አንሶላ ብቻ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ መሃሉ አለመሰርጎዱን በእጅሽ ተጭነሽ እይ፤ ከሰረጎደ አትውሰጂው።